ያንኑ ጉንጭ ደግሞ ማየት፦ የሴቶች የፊት ቆዳ ከዕድሜ ጋር ሲለወጥ በምስል ማጥናት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ክፍል ስለ ሴቶች የፊት ቆዳና ስለ ዕድሜ ነው። የቅባት ምክር አልሰጥም። የማወራው ቆዳው ሳይቆረጥና መርፌ ሳይነካው፣ በድምፅ ሞገድና በብርሃን ብቻ ውስጡን አይቶ ከዓመት ዓመት ምን እንደተለወጠ ስለ መለካት ነው። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፦ መሣሪያውን ጉንጭ ላይ ማሳረፍ፣ ምስሉን ማስቀመጥ፣ ቁጥሩን መጻፍ። ችግሩ ያለው እዚያው ማሳረፉ ላይ ነው።

ድሮ የቆዳን ውስጥ ለማየት የነበረው መንገድ ባዮፕሲ ብቻ ነበር። 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ክብ ቁራጭ ትወሰዳለች፣ በስሱ ትቆራረጣለች፣ ቀለም ተነክራ በማይክሮስኮፕ ትታያለች። ለበሽታ ምርመራ ዛሬም ቢሆን ቦታዋን የሚወስድ የለም። ለእርጅና ጥናት ግን አንዲትን ጤነኛ ሴት ጉንጯ ላይ ጠባሳ እንዲቀርባት መጠየቅ ከባድ ነው። ሌላም አለ፤ እኔ የበለጠ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የተቆረጠ ቦታ ዳግመኛ አይለካም። የ30 ዓመት ሴት ናሙና ከሌላ የ60 ዓመት ሴት ናሙና ጎን ስናስቀምጥ የምናየው ሁለት ሰዎችን እንጂ አንዲት ሴት ያለፈችበትን መንገድ አይደለም። በምስል ግን ያንኑ ጉንጭ ዛሬ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ማየት ይቻላል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ በግዴለሽ አለካክ ሲባክን ማየት ያንገበግባል።

ቆዳን በሦስት ድርብርብ አስቡት። ላይኛው ኤፒደርሚስ ነው፤ ፊት ላይ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። ከሥሩ ቆዳን የሚያጠነክሩ የኮላጅን ክሮችና የሚለጠጡ የኢላስቲን ክሮች የሞሉበት ደርሚስ አለ፤ ጉንጭ ላይ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፣ የዓይን ሽፋን ላይ ግን ከዚያ በጣም የሳሳ ነው። ከዚያ በታች ስብ። ኤፒደርሚስና ደርሚስ የሚገናኙበት ወለል ደግሞ ለጥ ያለ አይደለም፤ የሁለት እጅ ጣቶች እንደተቆላለፉ ሆኖ ነው የሚያያዘው። ከዕድሜ ጋር ይህ ቁልፍልፍ ይላላል፣ ወለሉም እየተስተካከለ ይሄዳል። አንድም መሣሪያ ይህን ሁሉ አንድ ላይ አያሳይም። ጠልቆ የሚያይ ዝርዝሩን ያጣል፣ ዝርዝሩን የሚያይ ከላይ ይቀራል። 20 ሜጋኸርዝ አልትራሳውንድ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ ግን ከ50 እስከ 80 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ያነሰ ነገር አይለይም። ኦፕቲካል ኮሄረንስ ቶሞግራፊ፣ በአጭሩ ኦሲቲ የሚባለው፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር አይቶ 10 ማይክሮን አካባቢ ይለያል። ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ አንድ ማይክሮን ድረስ አጥርቶ ያሳያል፤ ከ200 ወይም ከ250 ማይክሮን በታች ግን ይጨልምበታል። ስለዚህ ጥያቄው ከመሣሪያው መቅደም አለበት። ማየት የምንፈልገው የኮላጅኑን ስፋት ነው ወይስ የሴሎቹን አደራደር?

ከአልትራሳውንድ ልጀምር፤ በብዛት የሚሠራበት እሱ ነው፣ በብዛት የሚበላሸውም እሱ ነው። የ20 ሜጋኸርዝ የጉንጭ ምስል ፊታችሁ ያለ ይመስል አብረን እንየው። ከላይ አንድ ደማቅ መስመር አለ። ብዙ ጀማሪ ይህን ኤፒደርሚስ ነው ብሎ ውፍረቱን ይለካል፤ ስህተት ነው። ያ መስመር ድምፁ ከጄል ወጥቶ ቆዳ ሲነካ የሚመለሰው አስተጋብኦት ነው፤ የኤፒደርሚስን ውፍረት አይናገርም። ከሱ በታች ነጠብጣብ የሞላበት፣ ደመቅና ፈዘዝ የሚል ሰፊ ንጣፍ ይመጣል፤ ደርሚስ ማለት እሱ ነው። ድምቀቱ የሚመጣው ከኮላጅን ጥቅሎች ነው። ቀጥሎ ምስሉ ድንገት ይጠቁራል፣ ስቡ ጋ ደረስን ማለት ነው። አሁን ወደ ላይ ተመለሱ። በመግቢያው መስመርና በደርሚሱ መካከል ጥቁር ቀበቶ የመሰለ ነገር ካለ፣ በእርጅና ጥናት ብዙ የተወራለትን ነገር አገኛችሁ። ይህ ቀበቶ የእርጅና ምልክት ተብሎ የተገለጸው በ1989 ነው፤ ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ ላይ ከዕድሜ ጋር እየሰፋ ይሄዳል። የላይኛው ደርሚስ የኮላጅን አደራደር ሲፈርስ፣ የተበላሸ ኢላስቲን ሲጠራቀምና ውኃ የሚይዙ ነገሮች ሲበዙ ድምፁን የሚመልስ ነገር ያንሳል፤ ቀበቶውም ይጠቁራል።

ግን እብጠትም ያንኑ ጥቁር ቀበቶ ያመጣል። ሰሞኑን ፀሐይ ያቃጠላት ሴት፣ ሬቲኖል ያለው ቅባት ፊቷን ያስቆጣት ሴት፣ ፊቷ ሽፍታ ያለበት ሴት ሁሉ ከዕድሜዋ ያረጀ የሚመስል ምስል ልትሰጥ ትችላለች። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ሌሊት ጋደም ባልንበት ፈሳሽ ወደ ፊት ይሰበሰባል፤ ቀን ቆመንና ተቀምጠን ስንውል ወደ እግር ይወርዳል። ስለዚህ የጠዋት ደርሚስ ወፈርና ጠቆር ብሎ ይታያል፣ የከሰዓቱ ሳሳና ደመቅ ይላል። አንዲቷን በጠዋት ሌላዋን በአሥር ሰዓት የለካ ሰው ዕድሜ አገኘሁ ብሎ የሚጽፈው ቁጥር ግማሹ የሰዓት ቁጥር ነው። በጥናቱ መጀመሪያ አንድ የሰዓት ክልል ተመርጦ በዚያው መጽናት አለበት። ተሳታፊዋ በድጋሚ ስትመጣም በያኔው ሰዓቷ ትቀጠር።

ቅድመ ዝግጅቱም ከዚህ ጋር አብሮ ይሄዳል። ካለፈው ምሽት ጀምሮ ፊት ላይ ምንም አይቀባም። ጠዋት በውኃ ብቻ መታጠብ ይቻላል። ከዚያ ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ሙቀትና ከ40 እስከ 60 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በጸጥታ መቀመጥ ያስፈልጋል። ደረጃ ወጥታ፣ ቡና ጠጥታ፣ ፊቷ ቀልቶ የገባችን ሴት ወዲያው መለካት የደም ሥሮቿን መለካት ነው። ይህ ሠላሳ ደቂቃ ባዶ ጊዜ አይደለም፤ መጠይቁ የሚሞላው ያኔ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን እጅ ላይ ወዳለው ነገር። ጄሉ ወፍራም ይሁን፣ ከ2 ሚሊሜትር ያላነሰ። ፕሮቡ፣ ማለትም በእጅ የሚያዘው የመሣሪያው ጫፍ፣ ቆዳውን ሳይሆን ጄሉን ነው መንካት ያለበት። ደርሚስ ለስላሳ ነው፤ እጅ ትንሽ ከከበደ ይጨመቃል፣ ውኃው ይሸሻል፣ ምስሉም ቀጭንና ደማቅ ይሆናል። በሚለካበት ጊዜ የጄሉ ጥቁር ንጣፍ ከምስሉ በላይ በጠቅላላው ስፋት መታየት አለበት፤ ከጠፋ ተጭናችኋል ማለት ነው። ፕሮቡ ቀጥ ብሎ መቆሙን የሚያሳየው የመግቢያው መስመር ነው፦ ከዳር እስከ ዳር እኩል ደማቅ ከሆነ ቀጥ ብሏል፣ አንዱ ጎን ከፈዘዘ ጋደል ብሏል። ጋደል ያለ ፕሮብ ቆዳውን በሰያፍ ስለሚቆርጠው ውፍረቱን ያበዛዋል። የማጉያውን፣ ማለትም የሚመለሰውን ድምፅ አጉልቶ ምስሉን የሚያደምቀውን፣ መጠን ደግሞ አንድ ጊዜ ወስኖ መተው ነው። ለእያንዳንዷ ሴት ምስሉ እንዲያምር ማጉያውን የሚነካካ ሰው ድምቀትን ማነጻጸር አይችልም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። መሣሪያው ርቀትን የሚያሰላው ድምፁ ሄዶ እስኪመለስ ከፈጀው ጊዜ ነው። ለዚህ የድምፅን ፍጥነት ማወቅ አለበት። ለሆድ ዕቃ ምርመራ የሚሠራበት ፍጥነት በሰከንድ 1540 ሜትር ነው፤ ለቆዳ በተሠሩ መሣሪያዎች ላይ ብዙ ጊዜ 1580 ይሞላል። ልዩነቱ ሁለት ከመቶ ተኩል ገደማ ነው። 1.5 ሚሊሜትር በሆነ ደርሚስ ላይ 0.04 ሚሊሜትር ያመጣል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዲት ሴት በሁለት ዓመት ውስጥ የምታሳየው ለውጥም ትንሽ ነው። መሣሪያ ስትቀይሩ ወይም ሶፍትዌሩ ሲታደስ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ይሁን። ኦሲቲም የራሱ ወጥመድ አለው። ብርሃን ቆዳ ውስጥ ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው፤ በምስሉ ላይ ያለው ጥልቀት ለ1.4 ካልተካፈለ ውፍረቱ አርባ ከመቶ አካባቢ አብጦ ይወጣል። አንዳንዱ መሣሪያ ራሱ ያካፍላል፣ አንዳንዱ አያካፍልም። ሁለት ጊዜ የተካፈለም ያጋጥማል።

ቦታውን ዳግመኛ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። "ጉንጭ ላይ ለካን" የሚል ጽሑፍ ምንም አይነግረኝም። ከዓይን ጅራት ቀጥታ ወደ ታች የሚወርድ መስመርና፣ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ካለችው ትንሽ ጉብታ ወደ አፍንጫ ክንፍ የሚሄድ መስመር የሚገናኙበት ነጥብ ሲባል ግን ማንም መልሶ ያገኘዋል። ከዚያም ግልጽ ፕላስቲክ ፊት ላይ ዘርግቶ፣ የዓይን ጅራትን፣ የአፍንጫ ክንፍንና ማርያም የሳመችው የሚባለው ቋሚ ምልክት ያለባቸውን ቦታዎች ነጥብ አድርጎ፣ መለኪያዋን ነጥብ እነሱ መካከል መጻፍ። ያቺ ፕላስቲክ በየዓመቱ ትወጣለች። አቀማመጡም አይለወጥ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ተኝታ የተለካች ሴት ተቀምጣ ብትለካ፣ ጉንጯ ወደ ታች ስለሚሳብ ነጥቡ ብዙ ሚሊሜትር ይሸሻል።

ለማነጻጸሪያ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ መለካት አለበት፤ የላይኛው ክንድ ውስጠኛ ጎን ጥሩ ነው። ያለዚህ ዕድሜና ፀሐይ አይነጣጠሉም። ፊት ላይ የምናየው ለውጥ የሁለቱ ድምር ነው፤ ክንድ ውስጥ ያለው ግን በአብዛኛው የጊዜ ብቻ ነው።

ስለ ውፍረት ያለኝን ግልጽ ልበል። የፊት ደርሚስ ውፍረት ብቻውን የዕድሜ መለኪያ ሊሆን አይገባም። ኮላጅን ሲቀንስ ይሳሳል፤ ፀሐይ ያበላሸው ኢላስቲን ሲከማች ደግሞ ይወፍራል። ሁለቱ በአንድ ጉንጭ ላይ ተቃራኒ ስለሚጎትቱ፣ አንዱ ጥናት ሳሳ ሌላው ወፈረ ቢል አይገርምም። የላይኛውና የታችኛው ደርሚስ የድምቀት ንጽጽር ከዚህ ይሻላል። ከ0 እስከ 255 ባለው የፒክስል ሚዛን ከ0 እስከ 30 ያሉት ዝቅተኛ አስተጋብኦት ያላቸው ተብለው ይቆጠራሉ፤ በላይኛው ግማሽ ያለው ቁጥር በታችኛው ግማሽ ካለው ጋር ይነጻጸራል። እርስ በርስ ስለሚነጻጸሩ የማጉያው ትንሽ መዛባት ያን ያህል አያስትም።

ወደ ኮንፎካል እንሂድ። ይህ መሣሪያ በ830 ናኖሜትር ሌዘር ቆዳውን ከላይ ወደ ታች እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ይገልጠዋል። ቆዳው ላይ አንድ ጠብታ ውኃ ወይም ዘይት፣ በላዩ የሚጣበቅ ቀለበት ከነመስኮቱ፣ ከመስኮቱ በላይ ጄል። ምስሉ ላይ ጥቁር ክብ ካያችሁ የአየር አረፋ ነው፤ ማንሳትና እንደገና መጀመር እንጂ መግፋት አይጠቅምም። ከዚያ በየ3 ወይም በየ5 ማይክሮኑ እየወረዱ 150 ማይክሮን ድረስ ማንሳት። መጀመሪያ የሚታየው የቆዳው ገጽ ነው፦ ወጣት ቆዳ ላይ ቀጫጭን ቦዮች ወዲያና ወዲህ ተሻግረው ትንንሽ አራት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ያረጀው ላይ ቦዮቹ ይሰፋሉ፣ ወደ አንድ አቅጣጫም ይነጉዳሉ። ሲወርድ የማር እንጀራ የመሰለ የሴሎች ድርድር ይመጣል፤ ከዕድሜ ጋር ቀዳዳዎቹ እኩልነታቸውን ያጣሉ። ከዚያ በታች ጥቁር መሐል ያላቸው ደማቅ ቀለበቶች ይታያሉ፤ ቅድም ያልኩት የጣቶች ቁልፍልፍ ከላይ ሲታይ እንደዚህ ነው። ደርሚሱ ውስጥ ኮላጅኑ በወጣትነት እንደ ስስ መረብ ነው፤ ቀስ በቀስ ይሻክራል፣ ይጓጉላል፣ በመጨረሻም የተጠማዘዙ አጫጭር ደማቅ ክሮች ይታያሉ። እነዚያ የፀሐይ ጉዳት ናቸው።

ቀለበቶቹ ላይ ቆም ልበል። ደማቅ የሚያደርጋቸው ለቆዳ ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒን ነው፤ የዚህን ሌዘር ብርሃን አጥብቆ ይመልሳል። በጥቁር ቆዳ ላይ ቀለበቶቹ ፍንትው ብለው ይታያሉ፣ በጣም ነጭ ቆዳ ላይ ግን ያሉትም አይለዩም። እንግዲህ "ቀለበቶቹ ጠፍተዋል" ብሎ ለእርጅና ነጥብ የሚሰጥ መመዘኛ፣ የቆዳ ቀለምን ካላገናዘበ ነጯን ወጣት አሮጊት፣ ጥቁሯን አሮጊት ወጣት ያደርጋል። ደግሞም ፊት ላይ ቁልፍልፉ ከክንድ ጋር ሲነጻጸር ከመጀመሪያውም የሳሳ ነው። ስለዚህ የፊትን ምስል በክንድ መመዘኛ መፍረድ አይሆንም። አልትራሳውንድ እዚህ ላይ የሚመሰገን ነው፤ ድምፅ ለቀለም አይገደውም።

ቀለም ራሱ መለካት አለበት። ለዚህ በቆዳ ቀለም መለኪያ የሚገኙ ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ፦ ኤል የሚባለው ብሩህነትና ቢ የሚባለው ቢጫነት። ከኤል 50 ቀንሶ፣ ለቢ አካፍሎ፣ ታንጀንቱ ያ ቁጥር የሆነውን አንግል በዲግሪ ማውጣት ነው። ኤል 42 ቢ 16 ቢሆን፣ ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ይህም ቡናማ ከሚባለው መደብ ውስጥ ይገባል። አንዲቷን ሴት ጉንጯንም ክንዷንም ብትለኳት በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የፀሐይን ድርሻ ይጠቁማችኋል። ጠይምና ጥቁር ሴቶች ላይ ቶሎ የሚመጣው ለውጥ ብዙ ጊዜ ስስ መሸብሸብ አይደለም፤ የቀለም አለመስተካከል ነው፣ ማዲያትና ነጠብጣብ። የሚቆጠረው መሸብሸብ ብቻ ከሆነ እነዚህ ሴቶች ቆዳቸው እንዳልተለወጠ ተደርጎ ይመዘገባል፤ ይህ ትክክል አይደለም፣ ለነሱም ፍትሐዊ አይደለም።

ፎቶግራፉን በአጭሩ፦ የብርሃኑ አቅጣጫና ርቀት ቋሚ ይሁን፣ የቀለም ካርድ በየፎቶው ይግባ፣ አገጭ ማሳረፊያ ላይ፣ አፍ ተዘግቶ ዓይን ተከድኖ። ጥቂት ዲግሪ ፊት ዘወር ማለት ከአፍንጫ ወደ አፍ የሚወርደውን ጥላ ይለውጠዋል።

ወደ መጠይቁ ልመለስ። ሴቶችን በዕድሜ ብቻ መመደብ የተለመደ ነው፤ ከ20 እስከ 29፣ ከ30 እስከ 39 እያሉ። ከ45 እስከ 55 ባለው ግን ይህ አመዳደብ ይፈርሳል። በማረጥ ጊዜ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲወርድ የቆዳ ኮላጅንም አብሮ ይወርዳል፤ በተለምዶ የሚጠቀሰው ከማረጥ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት እስከ 30 በመቶ፣ ከዚያ በየዓመቱ 2 በመቶ ገደማ ነው። የ50 ዓመት ሁለት ሴቶች አንዷ የወር አበባዋን የምታይ፣ ሌላዋ ካረጠች አራት ዓመት የሆናት ብትሆን፣ በአንድ መደብ ማስገባት ትልቁን ለውጥ መደበቅ ነው። የመጨረሻ የወር አበባ ቀን ይጻፍ፤ 12 ወር ሙሉ ከቀረ ነው ማረጥ የሚባለው። የወር አበባ ለሚያዩ ደግሞ በዑደቱ ስንተኛ ቀን እንደተለኩ ይመዝገብ። የወሊድ መከላከያ፣ የሆርሞን ሕክምና፣ ሲጋራ፣ ክብደትና ቁመት፣ በቀን ከቤት ውጭ የሚውሉበት ሰዓት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊት ላይ የተደረገ ነገር። የሚያቀላ ቅባትና የስቴሮይድ ቅባት ቆዳን ያሳሳሉ። ለመሸብሸብ የሚወጋው ቦቶክስ ለሦስት አራት ወር ግንባርን ለስላሳ ያደርገዋል። ፊትን ለመሙላት የሚወጋ ሃያሉሮኒክ አሲድ በአልትራሳውንድ ላይ ጥቁር ኩሬ ሆኖ ይታያል፤ ያላወቀው ሰው ሌላ ነገር ይመስለዋል። እነዚህን ጥያቄዎች ሰው በተሰበሰበበት መጠየቅ አይገባም። ብቻዋን፣ ቀስ ብሎ፣ መልሷ እንደማያስነቅፋት ነግሮ። የተሸማቀቀች ሴት "ምንም አልቀባም" ትላለች፣ እኛም ምስሉ ለምን እንደተዛባ ሳናውቅ እንቀራለን።

ስለ ቁጥሩ እርግጠኛነት አንድ ሒሳብ ልሥራ። እያንዳንዱ ቦታ ሦስት ጊዜ ይለካ፤ በየመሐሉ ፕሮቡ ተነስቶ እንደገና ይረፍ። ሳያነሱ ሦስት ጊዜ ቁልፍ መጫን አንድ ልኬት ነው። እንበልና በድግግሞሹ መካከል ያለው መዛባት 0.05 ሚሊሜትር ሆነ። በአንዲት ሴት ሁለት ጉብኝቶች መካከል ልዩነት አለ ለማለት 0.05ን በ1.96 ከዚያም በሁለት ካሬ ሥር ማባዛት ነው፤ 0.14 ሚሊሜትር ይመጣል። ከዚያ ያነሰ ልዩነት የቆዳዋ ሳይሆን የእጃችን ሊሆን ይችላል። ይህ ሒሳብ ጥናቱ ሳይጀመር በጥቂት ሰዎች ላይ መሠራት አለበት። ምስሉ ላይ የደርሚሱን ድንበር የሚያሰምረው ሰውም የሴቲቱን ዕድሜ አይወቅ፤ ዕድሜዋን ካወቀ እጁ ወደሚጠብቀው ያዘነብላል፣ ሳይፈልግም።

ጥሬው ምስል ይቀመጥ። በሥዕል መልክ ተጨምቆ የተቀመጠ ፋይል ከአሥር ዓመት በኋላ አይለካም። ከጎኑ የማጉያው መጠን፣ የድምፁ ፍጥነት፣ የሶፍትዌሩ ቁጥር፣ ሰዓቱ፣ የክፍሉ ሙቀት፣ የለካው ሰው።

ሲያልቅ ተሳታፊዋ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላት፦ "ታዲያ ቆዳዬ ስንት ዓመቱ ነው?" አንዳንድ መሣሪያ ለዚህ ቁጥር ያወጣል። እኔ ያንን ቁጥር ለማንም አልሰጥም፤ ከየትኞቹ ሴቶች ፊት ተሰልቶ እንደመጣ እሷ የምታውቅበት መንገድ የለም። ምስሏን ግን አሳያታለሁ። ይህ መስመር ቆዳሽ የሚጀምርበት ነው፣ ይህ ነጭ የሞላው ኮላጅንሽ ነው፣ ይቺ ጠቆር ያለች ቀበቶ ፀሐይ ያገኘው ክፍል ናት፤ ክንድሽ ላይ ግን እያት፣ የለችም። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አትሜ እሰጣታለሁ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮዋንም በዚያው ሰዓት እጽፋለሁ።